ከመስጊዱ ጥግ እስከ ቤተክርስቲያኑ ዳገት፦ የሰፈራችን አበባ የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 16 ቀን 2017፣ እሁድ

ዛሬ የቅሬው ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳሁት። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ለቀብር ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ እዚያ ይወራል።

ሐሳቤ አጭር ነበር። ከመስጊዱ ጥግ እስከ ቤተክርስቲያኑ ዳገት ድረስ፣ ከኮብልስቶኑ ቀጥሎ፣ 62 ሜትር የሚሆን ባዶ መሬት አለ። ክረምት ጭቃ ነው፣ በጋ አቧራና ፌስታል። እዚያ አበባ እንትከል አልኩ።

"አበባማ ተክለን ነበር እኮ" አሉ ሰብሳቢያችን። እውነታቸውን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ችግኝ ተተክሎ ነበር። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲቆም የሚያጠጣ ጠፋ። የተረፈውን ፍየል ጨረሰው።

እኔም መልሴን ይዤ ነው የሄድኩት። በዚህ ጊዜ ችግኝ ሳይሆን ኮረት ነው የምንተክለው። ገበሬው "የሽንኩርት ኮረት" ይል የለ? እንደዚያው ከመሬት በታች ምግብና ውሃ ቋጥረው የሚከርሙ አበቦች አሉ። ግላዲዮለስ፣ አማሪሊስ፣ ዳሊያ፣ ካላ። በጋ ሲገባ የአብዛኞቹ ቅጠል ይደርቃል፣ እነሱ ግን አልሞቱም። ተኝተው ዝናብ ይጠብቃሉ። ፍየል ቅጠሉን ቢቀረጥፈው እንኳ ሥሩ ይተርፋል።

ደግሞ ይባዛሉ። ሰዉ ቀና ያለው ይህን ስናገር ነው። አንዱ ኮረት በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለትም ሦስትም ይሆናል። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ ይሻገራል። ስለዚህ ከቅሬው ካዝና ብር አይውጣ፣ ያለው ካለው ያዋጣ ተባባልን። ምርቃቱም ተከተለ። አሚን ብለን ወጣን።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጾሙ ሳይገባ ብዬ ዛሬ ደብተር ይዤ ደጅ ለደጅ ዞርኩ። መንገዱ ላይ በራቸው የሚከፈት 24 ቤቶች አሉ።

ስንት ነገር አለ በየጓሮው! እኔ እዚህ ሰፈር አድጌ አላውቀውም። አንዱ ቤት ዳሊያ አለ፤ ጎመኑ መሐል ነው የሚበቅለው። ቧንቧው የሚፈስበት ቦይ ዳር ነጭ ካላ ሞልቷል። የቤቱ እመቤት "ይሄማ አረም ነው፣ ስነቅለው ይመለሳል" አሉኝ። አረም ያሏትን ስንቱ በገንዘብ ይገዛታል።

ከሁሉም ያስቆመኝ ግን የእማማ ግቢ ነው። እማማ የሰፈሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ከአጥራቸው ሥር ቀይ አማሪሊስ ተኮልኩሏል። በልግ ሲመጣ የሚያብበው ያ ትልቁ ቀይ፣ አራት አፍ ያለው። ኮረቱ ከመብዛቱ የተነሳ እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ከአፈሩ ወጥቷል። "ሳገባ ከእናቴ ቤት ከኩታበር በመቀነቴ ቋጥሬ ያመጣኋት አንዲት ነበረች" አሉኝ። ቆጠርነው። ከሰባ በላይ ነው። እማማ ስንት እንደሚሰጡን ስጠይቃቸው ተገረሙ። "ልጄ፣ ለእኔ ጥቂት ይበቃኛል። እሷም ቢሆን መሄድ ትወዳለች።"

መጋቢት 8፣ ሰኞ

አንድ የሰፈራችን ልጅ ሆላንድ ነው የሚኖረው። ወሬውን ሰምቶ ደወለ። ቱሊፕ ልላክ ይላል። ልቡ ደግ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን አይሆንም፣ ምክንያቱንም ነገርኩት።

ቱሊፕ ለማበብ ረጅም ብርድ ይፈልጋል። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ አፈሩ ይሞቃል። እንዲህ ያለው ብርድ ለቱሊፕ አይበቃውም። ቢያብብም በፍሪጅ ከርሞ ነው፣ በየዓመቱም ፍሪጅ ይጠብቃል። ደግሞ ኮረት ከውጭ ለማስገባት ፈቃድና የተክል ጤና ማረጋገጫ ይጠየቃል። የእኛን ዓይነት ደጋ የሚወዱ አሉ። ዳሊያ የሜክሲኮ ደጋ ልጅ ነው። ካላና አብዛኛው የግላዲዮለስ ዘር ከደቡብ አፍሪካ ነው። እነሱ ይበቁናል።

ልጁ ግን ዝም ብሎ አልዘጋውም። የግላዲዮለሱን እኔ ልግዛ አለ። ከየጓሮው ያገኘነው ሁሉ ተደምሮ ስምንት ብቻ ስለነበር እሺ አልነው።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

የበልግ ዝናብ ሁለት ቀን ዘነበ። መሬቱን ለመፈተን ጥሩ ጊዜ ነው። አራት ቦታ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፈርን፣ ማታ በጀሪካን ውሃ ሞላነው፣ ጠዋት አየነው። ሦስቱ መጥጠውታል። ከታች፣ መስጊዱ ጥግ ያለው ግን ውሃውን ይዞ አደረ። ቀዩ አፈር እዚያ ላይ ያልቅና ዋልካ ይጀምራል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደውም ጎርፍ እዚያው ነው የሚያርፈው።

ኮረት ከድርቅ ይልቅ የሚሞተው በውሃ ነው። ውሃ በተኛበት ቦታ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ የታችኛውን ስምንት ሜትር ለካላ ሰጠነው፤ ካላ እግሯ ቢረጥብ ደስ ይላታል። ለቀረው መሬት ከቦርከና ወንዝ አሸዋ አስመጥተን፣ መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ እናደርጋለን።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ሥዕል ሠራን። መጀመሪያ ሁሉም የፈለገው በመስመር ነበር፤ እንደ ወታደር ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር። እኔ አልተስማማሁም። 62 ሜትር በመስመር፣ በየ15 ሳንቲሜትሩ አንድ ቢተከል ከ400 በላይ ኮረት ይፈጃል፤ ያም አንድ ረድፍ ብቻ ነው፣ ከሩቅ ክር ይመስላል። አንዱ ሲደርቅ ደግሞ ጥርስ እንደወለቀ አፍ ይታያል። በየሁለት ሜትሩ በእቅፍ እንትከል አልኩ። ሰባት ሰባት አንድ ላይ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ክብ ውስጥ። ያ ከሩቅ ይጠራል።

31 እቅፍ ወጣን። 14 ግላዲዮለስ፣ 8 አማሪሊስ፣ 5 ዳሊያ፣ 4 ካላ። ዳሊያ ትልቅ ስለሆነ ሦስት ሦስት ብቻ፣ ካላው አምስት አምስት። በድምሩ 189።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። ለእያንዳንዱ እቅፍ ባለቤት ሰጠን። 24ቱ ለ24 ቤቶች፣ የቀሩት 7 ለልጆቹ። ያለፈው ችግኝ የሞተው በውሃ እጦት ብቻ አይመስለኝም። የሁሉም ስለነበር የማንም አልነበረም። አሁን ግን የእኔ በር ፊት ያለው የእኔ ነው። ሲጠወልግ እኔ ነኝ የማፍረው።

ግንቦት 10፣ እሁድ

ቀን ስንቆጥር ዋልን። ግላዲዮለሱ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ እንፈልጋለን። ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ችግኝ የሚሸጠው ሰውዬ በ80 ቀን ያብባል ብሎኛል። እሱ ግን ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለች። ለእኛ 15 ቀን ጨመርኩበትና 95 ቀን ያዝኩ። ከመስከረም 1 ወደኋላ ቆጥሬ ግንቦት 26 አልኩ።

የጎረቤቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። ደብተሩን አየችና "ጳጉሜንስ?" አለችኝ። አምስቱን ቀን ዘልያለሁ። እሷ ስትቆጥረው ሰኔ 1 ሆነ።

ሰኔ 1 ደግሞ እሁድ ነው፣ ጰራቅሊጦስ። "ሰንበት አፈር አይቆፈርም" አሉ አባቶች። አርብ አረፋ ነው። ሰኞ ገበያ ነው። ማክሰኞ ሰኔ 3፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ተባባልን። ግላዲዮለሱን ሁለት ቦታ እንከፍለዋለን፤ ሰባቱን እቅፍ ሰኔ 3፣ ሰባቱን ሰኔ 17። የመጀመሪያው ለእንቁጣጣሽ፣ ሁለተኛው ለመስቀል።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ልጆቹ በደስታ እየሮጡ መጡ። በፌስታል ትልልቅ ኮረት ይዘዋል። የጅብ ሽንኩርት ነው። ከጦሳ ግርጌ ካለው ሣር ላይ ቆፍረው አመጡት። ነጭ ረጅም አበባ አለው፤ ዝናብ ሲጀምር ከሣሩ መሐል ብቅ የሚለው። ሳይንሱ ክሪነም አቢሲኒኩም ይለዋል፤ አገራችንን በስሙ ይዟል።

አልተቆጣሁም። አብሬያቸው ወጣሁና ሁሉንም ወደነበረበት መለስነው። ከጓሮ የሚወሰደው ሰው ያባዛው ነው፤ ከተራራ የሚነቀለው ግን ተተኪ የለውም። መንገድ ላይ ሌላ ነገር ነገርኳቸው። አውሮፓ ውስጥ በየአበባ ሱቁ የሚሸጥ አንድ ነጭ ግላዲዮለስ አለ፤ ልቡ ላይ ሐምራዊ ነው፣ ማታ ማታ ይሸታል። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ናቸው፤ እነሱም በአቢሲኒያ ስም ይጠሩታል። አንዷ ልጅ "ታዲያ እኛ ለምን የለንም?" አለች። ጥያቄዋን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለሚመጣው ዓመት ዘሩን እፈልጋለሁ።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ከየቤቱ የመጣው ኮረት ተሰበሰበ። አንድ ነገር አስደነገጠኝ። አንዱ ቤት የአማሪሊሱ ከረጢት ማጀት ውስጥ፣ ከቀይ ሽንኩርቱ አጠገብ ተቀምጧል። ልክ ሽንኩርት ነው የሚመስለው። አማሪሊስ ግን ላይኮሪን የሚባል መርዝ አለው፤ የበላውን ሰው ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል። ወዲያው አስወጣነው። አሁን ሁሉም የአበባ ከረጢት ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ለየቤቱም ተነግሯል።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ተከልን!

ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሰው መጣ። ዶማው፣ አካፋው፣ መኮትኮቻው። ጉድጓዱ ቀድሞ ስለተቆፈረ ሥራው ቀለለ። ሼሁ ከአረፋ ተርፎ የነበረውን ቆሎና ዳቦ አስመጡ። ጎረቤቴ ቡናውን እዚያው መንገድ ዳር አፈላች። የሰኔ ጾም ትናንት ስለገባ የክርስቲያኑ ወገን ቆሎው ላይ በረታ።

ልጆቹን እንዲህ ነበር ያሳየኋቸው። ግላዲዮለሱን መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ። ጠፍጣፋ ነው፣ ትንሽ ቂጣ ይመስላል፣ ቡናማ ልጣጭ ለብሷል። በአንድ ወገን ክብ ጠባሳ አለ፤ ያ ታች ነው። በሌላው ወገን ሾል ያለ ቡቃያ አለ፤ ያ ላይ ነው። ጉድጓዱን በእጅ ይለካሉ፦ አንድ ጋት ተኩል፣ ከዚያ ትንሽ አሸዋ፣ ከዚያ ኮረቱ፣ ከዚያ አፈር። መሐላቸው አንድ ጋት ተኩል። አማሪሊሱ ግን ሌላ ነው፤ አንገቱ ከአፈር በላይ መውጣት አለበት። ከቀበሩት ያኮርፋል፣ ቅጠል ብቻ ይሰጣል። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይህን ይቆጣጠሩ ነበር። "አንገቷን አትነቁባት!" ይላሉ በየደቂቃው።

መሽቶ የመጨረሻውን አፈር ስንመልስ ማካፋት ጀመረ። ማንም ወደ ቤቱ አልሮጠም።

ሰኔ 27፣ አርብ

ሁለተኛው ዙር ሰኔ 17 ተተክሏል። የመጀመሪያው ዙር ግን ቡቃያው እኩል አይደለም። ሦስት እቅፍ ላይ ምንም የለም። አንዱን በጣቴ ቆፈርኩ። ለስላሳ ሆኗል፣ ይሸታል። ከሥሩ ትኩስ ፍግ አለ። አንድ ጎረቤታችን ለበጎ ብለው፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ባደረበት ሌሊት፣ ከበረቱ የወጣውን ፍግ ጨምረውበታል። ፍግ ካልበሰለ ይሞቃል፣ ኮረቱንም ያበሰብሳል። ቢያንስ ስድስት ወር ተከምሮ አፈር አፈር ሲሸት ነው መግባት ያለበት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለ ፍግ አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር። ከ21ዱ 9ኙን አውጥተን፣ የበሰበሰውን ልጣጭ ገፈን፣ አመድ ነስንሰን፣ በንጹህ አሸዋ መልሰን ተከልናቸው። 12ቱ ሄዱ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ገብርኤል ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ ጣለ። አተር የሚያህል፣ ከዚያ ባቄላ የሚያህል። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ስወጣ የግላዲዮለሱ ቅጠል እንደ ተቀደደ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

አንዱ ጎረቤቴ መቀስ ይዞ መጣ። የተቀደደውን ቆርጠን እናስተካክለው አለ። ይዤ አስቀረሁት። የተቀደደም ቢሆን አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ቅጠሉ ኮረቱን ይመግባል። አበባው ያለው ውስጥ ነው፣ ገና አልወጣም። የወደቀውን ብቻ በሸንበቆ ደገፍን።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ፍልፈል ገብቷል። አምስት ግላዲዮለስ በአንድ ሌሊት ከሥር ተጎትተው ጠፉ፤ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነበር፣ ስይዘው እጄ ላይ ቀረ። የአማሪሊሱን ግን አልነካም። መርዙ ለእሷ መከታ ሆናት። ለሚመጣው ዓመት ግላዲዮለሱን በዙሪያው አማሪሊስ አጥረን እንሞክራለን። ይሠራ አይሠራ እናያለን።

መስከረም 1 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ግላዲዮለሱ አልደረሰም። በረዶው ሳያዘገየው አልቀረም። ግንዱ ወጥቷል፣ የታችኛው እምቡጥ ጫፍ ላይ ቀይ ይታያል፣ ግን አልተከፈተም። ዳሊያው ግን አብቧል። ሐምራዊና ቢጫ፣ አንዳንዱ የቡና ሲኒ ስፋት አለው። ልጃገረዶቹ አደይ አበባቸውን ይዘው ሲያልፉ እዚያ ቆሙና ዘፈኑ። ከዳሊያው ግን አንድ አልቀጠፉም። ማንም አልከለከላቸውም።

መስከረም 4፣ እሁድ

ከቤተክርስቲያን ሲወጣ ሰዉ ቆሞ አገኘሁት። የመጀመሪያው ግላዲዮለስ ተከፍቷል። ከታች ነው የሚጀምረው፤ አንዱ ይከፈታል፣ ነገ ከላዩ ያለው፣ ከነገ ወዲያ ሌላው። ቀዩን አንድ ቅጠል በጣቴ ነካሁት። ጠዋት ስለሆነ ጤዛ አለበት፤ እንደ እርጥብ ሐር ነው። በስስ ቅጠሉ ላይ ቀጫጭን ሥሮች ይታያሉ፣ እንደ አራስ ልጅ ዐይነ ሽፋን።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው ዙር በሰዓቱ ደረሰ። ነጭና ሮዝ ነው። ከዳገቱ ጫፍ ቆሜ ወደታች አየሁት። ከሩቅ በእርግጥ ይጠራል።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

የግላዲዮለሱ ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ፍልፈሉ ሳይቀድመን አወጣነው። አማሪሊሱንና ዳሊያውን እዚያው ተውናቸው።

ሲወጣ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የተከልነው አሮጌው ኮረት ከታች ነው፤ ተጨብጦ፣ ደርቆ፣ እንደ ያረጀ ሳንቲም ሆኗል። ሲጫኑት ተላቆ ይወድቃል። ከላዩ አዲስ ተሠርቷል፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። አንዳንዱ ላይ ሁለት። በመሐላቸው ደግሞ ጫጩቶቹ አሉ፤ አተር የሚያካክሉ፣ ጠንካራ፣ በክር በመሰለ ነገር የተንጠለጠሉ። ልጆቹ እነሱን እየለቀሙ በወተት ጣሳ ሞሉ።

98 ተክለን 81 ነበር የተረፈን። አሁን ትልልቁ 117 ነው፤ ጫጩቱን አልቆጠርነውም። ጫጩት ለማበብ ሁለት ሦስት ክረምት ይፈልጋል። ጳጉሜን ያስታወሰችኝ ልጅ በግቢዋ መደብ አዘጋጅታለች፤ እሷ ታሳድጋቸዋለች።

ከቦዩ ማዶ ያለው ሰፈር ሰው ልኮ ነበር። ለእነሱም ቅሬ 40 ያህል ብንሰጣቸው ይላሉ። እማማ ጠርተው ከአማሪሊሱም አሥር ጨመሩላቸው። ስንቋጥርላቸው ከረጢቱ ላይ ቀዩን ጨርቅ አሰርንበት። ስለ ፍጉም ነገርናቸው።